ነፃው ድስት

የዛሬው ወጋችን ከእኛ ቤት ወጥ ቤት ይጀምራል።

መደርደሪያችን ላይ ባለ መስታወት ክዳን አንድ ትልቅ ድስት አለ። ልጆቼ «የላስ ቬጋሱ ድስት» ይሉታል። የበዓል ዶሮ የሚሠራው በእሱ ነው፤ እንግዳ ሲበዛባቸው ጎረቤቶቻችንም ይዋሱታል። የዛሬ አራት ዓመት ላስ ቬጋስ የምትኖረው አክስቴ ናት ከሁለት ፎጣ ጋር በሰው እጅ የላከችልን። ላመሰግናት ደውዬ «ለምን ይህን ያህል ወጪ ታወጫለሽ?» አልኳት። ሳቀችብኝ። «ምን ወጪ አወጣሁና! በነፃ ነው የሰጡኝ» አለች።

የሰጣት በሰፈሯ ያለ አንድ ካሲኖ ነው። ደንገጥ ማለቴን ከድምፄ አውቃ ቶሎ አረጋጋችኝ። «ኧረ እኔ ቁማርተኛ አይደለሁም! ከጓደኛዬ ጋር ምሳ እንበላለን፣ ትንሽ ማሽኑን እንነካካለን፣ ስጦታችንን ይዘን እንመለሳለን። እዚህ አገር ሽማግሌው ሁሉ የሚውለው እንደዚህ ነው።»

እኔም አመንኳት። ላስ ቬጋስን የማያውቅ ሰው ካሲኖ ሲባል በፊልም የሚያየው ዓይነት ነው የሚመስለው። እዚያ ለሚኖር ሰው ግን የቁማር ማሽን አውሮፕላን ማረፊያውም ውስጥ፣ ሱፐርማርኬቱም ውስጥ አለ። ከቱሪስቶቹ ጎዳና ርቀው በየሰፈሩ የተሠሩ ካሲኖዎች ደግሞ ሲኒማ፣ ምግብ ቤትና ሰፊ መኪና ማቆሚያ ያላቸው የሰፈር መዋያዎች ናቸው። በከተማዋ የሚኖሩት ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያንም ከእነዚህ ቤቶች ሩቅ አይደሉም። ታክሲ የሚነዱት፣ ክፍል የሚያጸዱት፣ ካርታ የሚያድሉት ብዙዎች የእኛው ሰዎች ናቸው።

ድስቱ ስንት እንደተገዛ ያወቅነው ባለፈው ዓመት ነው። በአሜሪካ ካሲኖዎች ደንበኛቸው ሲጠይቃቸው በዓመቱ ምን ያህል እንዳሸነፈና ምን ያህል እንደተበላ የሚያሳይ መግለጫ ይሰጣሉ፤ ለግብር ሥራ ይጠቅማል። የአክስቴ ልጅ የእናቱን የግብር ወረቀት ሲያዘጋጅ ያንን መግለጫ አስወጣ። በአንድ ዓመት የተበላችው 11,400 ዶላር ነበር።

ይህን የምጽፈው በእሷ ፈቃድ ነው። «ስሜን ተዪውና ሌላውን ጻፊው፤ ለሌላ ሰው እናት ይጠቅም ይሆናል» ብላኛለች።

አክስቴ ሾላ ገበያ ላይ ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት ሦስት መደብ የምትዞር ሴት ነበረች። እንዲህ ያለች ሴት ያን ሁሉ ገንዘብ አስረክባ «በነፃ ሰጡኝ» የምትለው እንዴት ነው? መልሱን ፍለጋ ብዙ ካነበብኩ በኋላ የደረስኩበት ነገር አንድ ሶፍትዌር ነው።

ካርዱ ሲሰካ

አክስቴ መጀመሪያ ምሳ ልትበላ በሄደች ቀን መግቢያው ላይ አንዲት ፈገግታ የማይለያት ወጣት የአባልነት ካርድ ትሰጥ ነበር። ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ፣ የትውልድ ቀን፤ መታወቂያ ታይቶ በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ክፍያ የለውም። ካርድ ያለው ሰው ምሳ የሚበላው በቅናሽ ነው። ማን እምቢ ይላል?

ካርዱ የሚገናኘው በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ሲአርኤም» ከሚባል ሶፍትዌር ጋር ነው። በእኛ ቋንቋ የደንበኞች ግንኙነት አስተዳደር እንበለው። ባንኮች፣ አየር መንገዶችና ሆቴሎችም ይጠቀሙበታል። ሥራው ድሮ የሰፈራችን ባለሱቅ ጭንቅላቱ ውስጥ ይይዘው የነበረውን ነገር መያዝ ነው፤ እገሊት ምን ትወዳለች፣ በስንት ቀን አንዴ ትመጣለች፣ ሰሞኑን ለምን ቀረች። ባለሱቁ የሚያውቀው መቶ ቤተሰብ ቢሆን ነው። ሶፍትዌሩ ግን ሚሊዮኖችን ያውቃል፣ ደግሞም አይረሳም።

ካሲኖ ውስጥ ሲገባ የዚህ ሶፍትዌር ዓይን ከሌላው ቦታ ይልቅ ይሰላል። ባንካችሁ የሚያያችሁ በወር ጥቂት ጊዜ ነው። ካርዱን ሰክቶ ማሽን ፊት የተቀመጠ ሰው ግን በሰዓት ብዙ መቶ ጊዜ ቁልፉን ይጫናል፤ እያንዳንዷም ትመዘገባለች። በስንት ሰዓት መጣች? የትኛው ማሽን ላይ ተቀመጠች? በአንድ ጊዜ ስንት አስያዘች? በምን ፍጥነት ተጫወተች? ስንት ስትበላ ተነሳች? ከዚያስ የት በላች?

ዕለቱን ማሸነፏ ወይም መሸነፏ ግን ሶፍትዌሩን እምብዛም አያስጨንቀውም። ዕድል የአንድ ቀን ነገር ነው። ካሲኖው የሚያሰላው ሰውየው በረጅም ጊዜ ይከስራል ተብሎ የሚጠበቀውን ነው። ስሌቱ የአራተኛ ክፍል ማባዛት ነው። ለምሳሌ ያህል፣ አንዲት ሴት ቁልፉን አንዴ በተጫነች ቁጥር 50 ሳንቲም ታስይዛለች እንበል። በሰዓት 600 ጊዜ ብትጫን 300 ዶላር አስያዘች። አራት ሰዓት ብትቀመጥ 1,200 ዶላር ይሆናል። ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ የገባችው 100 ዶላር ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ያሸነፈችውን መልሳ ስለምታስይዝ ያው ገንዘብ እየዞረ ነው። ማሽኑ ከሚያዘው ገንዘብ በአማካይ 8 በመቶውን ለቤቱ የሚያስቀር ከሆነ፣ ስሟ ፊት ለፊት 96 ዶላር ይጻፋል። ዕለቱን 40 ዶላር አሸንፋ ደስ ብሏት ብትወጣ እንኳ ለቤቱ የእሷ ዋጋ 96 ዶላር ነው።

ስጦታው የሚቆረጠው ከዚህ ቁጥር ላይ ነው። ቤቱ ከሚጠብቀው ኪሳራ የተወሰነ በመቶኛ ቀንሶ በምሳ፣ በሆቴል ክፍል፣ በፎጣ፣ በድስት መልክ ይመልሳል። እኛ ቤት ያለው ድስት እንግዲህ የአክስቴ የራሷ ገንዘብ ነበር፤ ትንሹ ክፍል ተመልሶ መጣላት።

ፕሮፌሰሩና እናቶቹ

ቁማር ቤት ስጦታ መስጠቱ አዲስ ነገር አይደለም። ድሮም በሺህ የሚቆጠር ዶላር ጠረጴዛ ላይ ለሚያፈስ ሀብታም ክፍሉም፣ እራቱም፣ መጠጡም በነፃ ነበር። ማን ምን እንደሚገባው የሚወስነው ጠረጴዛውን የሚቆጣጠረው አለቃ በዓይኑ እየገመተ ነው። ማሽን ላይ በሳንቲም የሚጫወቱትን እናቶች ዞር ብሎ የሚያያቸው አልነበረም። ለእነሱም ካርድ መስጠት የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ ነው።

ነገሩን ከሥሩ የለወጠው ሐራስ የተባለው ኩባንያ ነው። ቢል ሐራ የተባሉ ሰው እ.ኤ.አ. በ1937 በኔቫዳዋ ሪኖ ከተማ በከፈቱት የቢንጎ ቤት ተጀምሮ፣ ዛሬ ሲዛርስ ኢንተርቴይንመንት በሚል ስም የሚታወቀው ግዙፍ ድርጅት ሆኗል። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ተፎካካሪዎቹ ደጃፋቸው ላይ ሰው ሠራሽ እሳተ ገሞራና የሚጨፍር ፏፏቴ ሲያቆሙ፣ ሐራስ የመረጠው ደንበኞቹን ማወቅ ነበር። በ1997 በሁሉም ካሲኖዎቹ የሚሠራ አንድ ካርድ አወጣ። በ1998 ደግሞ ጋሪ ላቭማን የተባሉ የሐርቫርድ ቢዝነስ ትምህርት ቤት መምህር ኩባንያውን ተቀላቀሉ፤ በ2003 የበላይ ኃላፊው ሆኑ።

ላቭማን በዚያው ዓመት በሐርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ መዝገባቸውን ሲመረምሩ ከደንበኞቻቸው 26 በመቶ የሚሆኑት 82 በመቶውን ገቢ እንደሚያስገቡ ማግኘታቸውን ተርከዋል። እነዚያ ሰዎች በሊሞዚን የሚመጡ ሀብታሞች አልነበሩም። ጡረታ የወጡ ወይም ዕድሜያቸው የገፋ መምህራን፣ ሐኪሞች፣ የባንክ ሠራተኞችና መካኒኮች ነበሩ። ትርፍ ጊዜና መጠነኛ ትርፍ ገንዘብ ያላቸው ሰዎች። አክስቴን ይመስላሉ፤ ከእናንተም አንዳንዶቻችሁን ወላጆቻችሁን ሳያስታውሷችሁ አይቀሩም።

ከዚያ በኋላ ሙከራው ቀጠለ። በሚሲሲፒ ግዛት የጃክሰን ከተማ ተጫዋቾችን ለሁለት ከፈሏቸው። አንደኛው ቡድን የተለመደውን 125 ዶላር የሚያወጣ ግብዣ ተላከለት፤ ነፃ ክፍል፣ ሁለት የሥጋ እራትና የ30 ዶላር መጫወቻ። ሁለተኛው ቡድን የ60 ዶላር መጫወቻ ብቻ ተላከለት። ይበልጥ የተጫወተው ሁለተኛው ቡድን ሆነ። የሚወደደው ስጦታ ትልቁ ሳይሆን ወደ ማሽኑ የሚመልሰው መሆኑን በወረቀት ላይ አረጋገጡ። እንዲህ ያለ ፈተና አንዴ ተደርጎ አይቆምም። ለማን ፎጣ፣ ለማን ድስት፣ ለማን ኮንሰርት፤ በደብዳቤ ወይስ በስልክ፤ ሰኞ ወይስ ሐሙስ፤ ሁሉም ይፈተናል።

ፈገግታም ሳይቀር በቁጥር ገባ። ኩባንያው ደንበኞች ስለ መስተንግዶው የሚሰጡትን ነጥብ ከሠራተኞች ጉርሻ ጋር አያያዘው። አክስቴን በስሟ ጠርታ ሰላም የምትላት አስተናጋጅ ከልቧ ደግ ልትሆን ትችላለች፤ ብዙዎቹም ናቸው። ግን ደግነቷም ይመዘን ነበር።

ስለዚሁ ኩባንያ በተጻፉ መጻሕፍት ውስጥ ደግሞ ይህን አነበብኩ። ሶፍትዌሩ እያንዳንዱ ደንበኛ ስንት ሲበላ አንገፍግፎት ወጥቶ እንደማይመለስ ከታሪኩ ይገምታል። ደንበኛው ወደዚያ መጠን ሲቃረብ የቤቱ ሠራተኛ ደረስ ብሎ «ዛሬ ዕድል እንዳልቀናዎት አየሁ፤ እባክዎ እራት ይጋበዙልኝ» ይለዋል። ምሬቱ ይለሰልሳል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሳል። ሊነሳ የነበረ እግር በአንድ እራት ተይዞ ቀረ ማለት ነው።

የዚህ ሁሉ መዝገብ ዋጋ ስንት ይመስላችኋል? የሲዛርስ ዋነኛ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2015 በዕዳ ተይዞ የኪሳራ ፍርድ ቤት ሲገባ፣ አበዳሪዎቹ 45 ሚሊዮን ሰዎችን የያዘውን የደንበኞች ፕሮግራም 1 ቢሊዮን ዶላር ገመቱት። ሕንፃውና መብራቱ ሁሉ እያለ፣ ከተከራከሩባቸው ንብረቶች መካከል ትልቁን ዋጋ ያወጣው የሰዎች ልማድ የተጻፈበት መዝገብ ነበር። በ2023 ደግሞ ሰርጎ ገቦች የዚሁ ኩባንያ የአባላት መዝገብ ቅጂ ሰረቁ፤ የብዙ አባላት የመንጃ ፈቃድና የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር ጭምር ነበረበት። ለቅናሽ ምሳ ተብሎ በአምስት ደቂቃ የተሰጠ መረጃ የት ድረስ እንደሚሄድ አስቡት።

ልደቷን ማን አስታወሰ?

እስካሁን ያወራሁላችሁ ስለ ገንዘብ ነው። አክስቴን የያዛት ግን ገንዘቡ አልነበረም።

ባለቤቷ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሴት ልጇ ነርስ ናት፤ የሌሊት ተረኛ ሆና ቀን ትተኛለች። ወንዱ ሌላ ግዛት ነው የሚሠራው። እኛ ደግሞ አዲስ አበባ ሆነን በበዓል በበዓል እንደውላለን። ቤቱ ጸጥ ያለ ነው።

ካሲኖው ውስጥ መደበኛ ደንበኞችን የሚንከባከብ ሠራተኛ አለ፤ «ሆስት» ይሉታል። ጠዋት ኮምፒውተሩን ሲከፍት ሶፍትዌሩ የዕለቱን የሥራ ዝርዝር ያወጣለታል። ዛሬ ልደቷ የሆነች፣ ሦስት ሳምንት ብቅ ያላለች፣ ከወትሮው ቀንሳ የተጫወተች፣ አዲስ ግብዣ የሚገባት። ከእያንዳንዱ ስም ሥር ማስታወሻ አለ፤ ምን እንደምትበላ፣ ልጇ ምን እንደምትሠራ፣ ባለፈው ስለ ምን እንዳወሩ። እሱም ይደውላል።

አክስቴ ጉልበቷን ታማ አንድ ወር ከቤት ሳትወጣ ቀርታ ነበር። «ደህና ነሽ ወይ? ጠፋሽብን!» ብሎ የደወለው እሱ ነው። ሃያ ዓመት በሠራችበት ሆቴል ስሟን አስተካክሎ የጠራት አለቃ አልነበረም፤ ይህ ልጅ ግን ሳይሳሳት ጠራት።

65 ዓመት ሲሞላት ጠዋት በማለዳ ስልኳ ጮኸ። እሱ ነበር። እንኳን አደረሰሽ አላት፤ ለሁለት ሰው እራትና 50 ዶላር መጫወቻ ስጦታ እንደተዘጋጀላት ነገራት። ስልኩን ዘግታ አለቀሰች። «ልጆቼ አልደወሉም፤ እናንተም አልደወላችሁም፤ እነሱ ግን አልረሱኝም» አለችኝ በኋላ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ያ ቀን ጃንዋሪ 1 ነበር። እንደ ብዙ የእሷ ዘመን ስደተኞች ሁሉ፣ የትውልድ ቀን ስትጠየቅ የምታሳየው ወረቀት ስላልነበራት ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተጻፈላት። አክስቴ የተወለደችው ሰኔ 13፣ በሰኔ ሚካኤል ማግስት ነው። አያቴ ሲያወሩ የሰማነው ነው፤ ዝናቡ ጣሪያውን አፍስሶት ምጥ ላይ ሆነው ከአልጋ አልጋ ተዛውረዋል። ሶፍትዌሩ የአክስቴን የጣት ፍጥነት ያውቃል። ይህን ግን አያውቅም። እኛ እናውቃለን፤ አውቀንም ሰኔ 13 ቀን አንድም ዓመት አልደወልንላትም።

ያን ለት ማታ ወደ ካሲኖው ሄደች። ግብዣው ላይ ብቻዋን መቀመጥ ስላሳፈራት እራቱን ትታ ቀጥታ ወደ ማሽኑ ነበር የሄደችው።

ኪሳችን ውስጥ ያለው

«ይህ የላስ ቬጋስ ጣጣ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እርግጥ ነው፣ እኛ ሰፈር እንደዚያ ያለ ካሲኖ የለም። ግን የስፖርት ውርርድ፣ ልጆቻችን «ቤቲንግ» የሚሉት፣ ከየሰፈሩ ሱቅ አልፎ ስልካችን ውስጥ ገብቷል። በዓለም ዙሪያ የመስመር ላይ ቁማር ድርጅቶች የሚሠሩት በዚሁ ዓይነት ሶፍትዌር ነው። ካርድ መሰካት እንኳ አያስፈልግም፤ ስልኩ ራሱ ካርድ ነው። ስንት ሰዓት እንደተከፈተ፣ ምን ላይ እንደተወራረዱ፣ መቼ ተስፋ ቆርጠው እንደዘጉት ይመዘገባል። ተጫዋቹ ለጥቂት ቀን ዝም ሲል «ናፍቀኸናል፣ ነፃ ውርርድ ሰጥተንሃል» የሚል መልእክት ይደርሰዋል። ሆስቱም፣ ደብዳቤውም፣ እራቱም በአንዲት የጽሑፍ መልእክት ተጠቃለዋል።

ለፍትሕ ያህል ሌላውን ወገንም ልበል። ካሲኖዎቹ ማንንም አስገድደን አላስገባንም፣ ለታማኝ ደንበኛ ውለታ መመለስ ነውር አይደለም ይላሉ። አክስቴም ብትሆን እዚያ ያሳለፈችውን ሳቅና ጓደኝነት አትክድም። ደግሞ ያው መዝገብ ለበጎም ይውላል። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2007 የቁማር ማሽኖችን ከየመንገዱ ሰብስባ፣ በ2009 በመንግሥት ድርጅት ሥር አዳዲሶቹን ስታስገባ ያለ ግል ካርድ እንዳይሠሩ አደረገች። ካርዱ ኪሳራውን ይቆጥርና ገደቡ ሲሞላ ማሽኑን ይዘጋል። ሲንጋፖር ደግሞ በ2010 ካሲኖ ስትከፍት ቤተሰብ የራሱ ሰው እንዳይገባ ማመልከት የሚችልበትን ሕግ አብራ አቆመች፤ ዜጎቿም በሩን ለማለፍ ብቻ በቀን 100 የሲንጋፖር ዶላር እንዲከፍሉ አደረገች፤ በ2019 ወደ 150 ከፍ አለ። ሶፍትዌሩ ማን ከመጠን በላይ እየተጫወተ እንደሆነ ያያል። ያየውን ይዞ ማንን እንደሚያገለግል የሚወስኑት ግን ባለቤቶቹና ሕጉ ናቸው።

ምን እናድርግ?

ከአክስቴ ቤት የተማርነውን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ቁጥሩን በወረቀት ጠይቁ። ተጫዋች ያሸነፈበትን ቀን እንጂ የተበላበትን አያስታውስም። በአሜሪካ ከካሲኖው መግለጫ ይገኛል። እዚህ ደግሞ የሦስት ወር የቴሌብር ወይም የባንክ ዝርዝር አውጡና ወደ ውርርድ የገባውንና የወጣውን አቀናንሱ። አክስቴን ከአንድ ዓመት ምክራችን ይልቅ ያነቃት ያ አንድ ገጽ ነው።

ሁለተኛ፣ ስጦታው መቼ እንደመጣ እዩ። ከተበላችሁ በኋላ ወይስ ከቀራችሁ በኋላ? ሳሩን እንጂ ገደሉን ያላየውን በሬ ታውቁታላችሁ። እዚህ ሳሩ የሚበቅለው በሬው ገደሉን ሊሸሽ ዘወር ሲል ነው።

ሦስተኛ፣ የመልእክቱን በር ዝጉ። በኔቫዳ የቁማር ደንብ ደንበኛው ከጠየቀ ካሲኖው በስሙ የሚልከውን የማስታወቂያ ደብዳቤ የሚያቆምበት ሥርዓት ሊኖረው ግድ ነው። አክስቴ ከልጇ ጋር ሄዳ ቅጹን ሞላች፤ ካርዷንም መለሰች። በስልክ ለሚጫወት ሰው ደግሞ መልእክቶቹን ማገድ፣ መተግበሪያውን ማጥፋትና መለያው እንዲዘጋለት ድርጅቱን በጽሑፍ መጠየቅ ጥሩ መነሻ ነው።

አራተኛ፣ አትቆጡ። የአክስቴ ልጅ መጀመሪያ ወረቀቱን ይዞ ጮኸባት። እሷም ለሁለት ሳምንት ስልክ አላነሳችም። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት የት እንደነበረች መገመት አያቅታችሁም።

አምስተኛውና የከበደን ባዶውን ሰዓት መሙላት ነው። ደብዳቤው ሲቆም፣ ሆስቱም መደወል ሲያቆም ቤቱ ከበፊቱ የባሰ ጸጥ አለ። «ከዝርዝሩ ስወጣ ያ ልጅ አንድ ቀን እንኳ አልደወለልኝም» አለችኝ። አዝና ነበር። የሞኝነት ኀዘን አይደለም፤ ሰው ያጣች ሴት ኀዘን ነው።

ካሲኖ የምትሄደው ቅዳሜ ማታ እንደነበር ነገረችን። የእሷ ቅዳሜ ማታ የእኛ እሁድ ጠዋት ነው። አሁን እሁድ እሁድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ቡና እናፈላለን፤ ስልኩን ረከቦቱ አጠገብ እናቆማለን። እሷም እዚያ የራሷን ታፈላለች። ልጆቼ የሳምንቱን ወሬ ይነግሯታል፤ ትንሿ የቤት ሥራዋን ታሳያታለች። አንዳንዴ የምናወራው ያልቅብንና ዝም ብለን እንተያያለን። አልዋሻችሁም፤ በዚህ ዓመት ሁለቴ ተመልሳ ሄዳለች። ሁለቱንም ጊዜ የነገረችን ራሷ ናት።

ሰኔ 13 ቀን ዶሮ ሠርተን ደወልንላት። ለራሷ ልደት መሆኑን ስትሰማ መጀመሪያ አላመነችም። ከዚያ ካሜራውን ወደ ምድጃው እንድናዞርላት ጠየቀች። ድስቱን አየችው። «ውይ፣ ይሄ ነገር አሁንም አለ እንዴ?» አለች። «አለ፤ በጣም ውድ ድስት ስለሆነ እንጠነቀቅለታለን» አልኳት። ሁለታችንም ሳቅን።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ስልካችሁን አንሱና ለአንድ ሰው ደውሉ። ደህና ሰንብቱልኝ።